የአንዲት አርቲስት ክምችት ወደ ዲጂታል ሲገባ፦ ፊልም፣ ፐርፎርማንስ፣ አሳታፊ ሥራ (የሥራ ሂደት ማስታወሻ)

ክምችቱ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢና በአዲስ አበባ መካከል እየተመላለሱ በግላቸው የሠሩ የአንዲት አርቲስት ንብረት ነው፤ ፊልም፣ በአካል የሚቀርብ ትርዒት (ፐርፎርማንስ) እና ሌሎች ሰዎች አብረው የሚሠሩበት አሳታፊ ሥራ ነው። ስማቸውን አንጠቅስም፤ በሥራዎቹ የተሳተፉ ሰዎች ፈቃድ ገና እየተሰበሰበ ነው። ከኋላቸው ስቱዲዮም ጋለሪም ስላልነበረ የሠሩት ሁሉ ያለው በካርቶን ሣጥኖች ውስጥ ብቻ ነው። ማስታወሻው ተመሳሳይ ሣጥን ከፊቱ ላለ ሰው እንዲጠቅም ነው የተያዘው።

ጥቅምት፦ ቆጠራ

ሥራው ክረምቱ እስኪወጣ ቆየ። በማግኔት ቴፕ ላይ ዱቄቱን ከፕላስቲኩ ጋር ያያያዘው ሙጫ ከአየር እርጥበት ይስባል። በጊዜ ብዛት ይላላና ቴፑ ሲዞር የማጫወቻው ሄድ (ቴፑን የሚያነበው ክፍል) ላይ እየተላጠ ይቀራል። ስለዚህ ሣጥን የሚከፈተው አየሩ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ከዚያም ቴፖቹ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይቆያሉ።

የተገኘው፦ የቪዲዮ ቴፕ (41 ሚኒዲቪ፣ 12 ሃይ8፣ 9 ቪኤችኤስ)፣ አራት ባለ 100 ጫማና አንድ ባለ 400 ጫማ የ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ 17 የድምፅ ካሴት፣ ፍሎፒ ዲስኮች፣ ሲዲዎች፣ የማስታወሻ ደብተሮች፣ የተሰፉ ጨርቆች፣ አንድ ጆንያ ሙሉ የተሳታፊዎች ብጣሽ ወረቀት።

መጀመሪያ ምንም ሳይነካ እያንዳንዱ ሣጥን ከላይ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ በንብርብር እየወጣ እያንዳንዱ ንብርብር እንደገና ይነሳል። ጊዜ ይበላል፣ ግን አቀማመጡ ራሱ መረጃ ነው። አርቲስቷ ያስቀመጡት በሥራ እንጂ በዕቃ ዓይነት አልነበረም፤ አንድ ሣጥን ውስጥ ሦስት ሚኒዲቪ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ የፊልም ጥቅልና የነጠላ ቁራጭ አብረው ነበሩ። ቴፕን ከቴፕ፣ ፊልምን ከፊልም መለየት ለማጫወት ይመቻል፤ ግን አንዴ ከተለየ በኋላ የቱ ከየትኛው ጋር እንደነበረ የሚነግር የለም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ክፍል ያለው ቁጥር ሰጠን፦ ሣጥን፣ ሥራ፣ ዕቃ። 07-03-12 ማለት ሰባተኛው ሣጥን፣ ሦስተኛው ሥራ፣ አሥራ ሁለተኛው ዕቃ ነው። ቁጥሩ በእርሳስ በወረቀት መለያ ላይ ይጻፋል። ማርከር ቴፕ ላይም ጨርቅ ላይም አይነካም።

ፊልሞቹ ግን የግድ ተለዩ። ከአንዱ ቆርቆሮ የኮምጣጤ ሽታ ወጣ። አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ሲበሰብስ አሲድ ይተናል፣ ትነቱም አጠገቡ ያለውን ፊልም መበስበስ ያፋጥናል። ለዚህ የሚሸጡ የመመርመሪያ ወረቀቶች አሉ፦ ሰማያዊው ወረቀት ቆርቆሮው ውስጥ ለ24 ሰዓት ተዘግቶ ይቆያል፣ አሲድ ካለ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ከ0 እስከ 3 ካለው መለኪያ 1.5 ላይ መበስበሱ ራሱን ማፋጠን ይጀምራል። የሸተተው ጥቅል 1.5ን አልፎ ነበር፤ ወረፋው ላይ አንደኛ ሆነ።

ኅዳር፦ ሚኒዲቪ

ትልቁ ችግር ማጫወቻ ማግኘት ነው። ሚኒዲቪ የሚያጫውት አዲስ ዕቃ አይመረትም። ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ መፈተን ያለበት ምስል ማሳየቱ ብቻ አይደለም፦ ቴፕ ወደ ኋላ ሲጠቀልል የሚያሰማው ድምፅ፣ ቴፑ ሲወጣ ጠርዙ መጨማደዱ፣ ቪዲዮውን በዲጂታል ወደ ኮምፒውተር የሚያስተላልፈው የፋየርዋየር መውጫ መሥራቱ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ይሆናል። ባለ 6 ፒኑ ገመድ ኃይል ስለሚያስተላልፍ ካሜራውም ኮምፒውተሩም በርተው ሳለ ሲሰካ፣ በተለይ ተገልብጦ ሲገፋ፣ መውጫውን ያቃጥላል። ሁለቱም ጠፍተው ይሰካል፣ ከዚያ ይበራል።

ዛሬ የሚሸጡ ላፕቶፖች ፋየርዋየር የላቸውም። እዚህ የሠራው አሮጌ ዴስክቶፕ፣ የፋየርዋየር ካርድ፣ ሊነክስና ዲቪግራብ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ቴፑ ላይ ያለው ራሱ ዲጂታል ስለሆነ መቅዳት ሳይሆን ፋይል እንደ መገልበጥ ነው፤ በሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። በቢጫ፣ ነጭና ቀይ የአርሲኤ ገመድ መቅዳት ምስሉን ወደ አናሎግ መልሶ እንደገና ዲጂታል ማድረግ ነው፣ ጥራት ይወድቃል፣ ከምስሉ ጋር የተጻፈው ቀንና ሰዓትም ይጠፋል። የቪዲዮ ቤቶች በብዛት የሚሠሩት በዚህ መንገድ ስለሆነ ሥራ ከመስጠት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

እያንዳንዱ ቴፕ ከመጫወቱ በፊት አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ ሄዶ ይመለሳል፤ ለዓመታት ተጠቅልሎ የቆየ ቴፕ ውጥረቱ እንዲስተካከል ነው። የሄድ ማጽጃ ካሴት ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ፣ ምስሉ ወደ ካሬ ቁርጥራጭ ሲሰባበር (ሞዛይክ ሲታይ) ብቻ። ማጽጃው አሸዋ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል፣ ሲበዛ ሄዱን ይበላዋል።

ሞዛይኩ ከቴፑ ይሁን ከማጫወቻው መለየት አለበት። ቦታውን ሳይለውጥ በየጊዜው እዚያው ከታየ ቴፑ ተጎድቷል፤ ቦታው ከተለዋወጠ ሄዱ ቆሽሿል። ዲቪሬስኪው የሚባለው ፕሮግራም ማጫወቻው ያልተነበበውን በቀደመው ፍሬም ቁራጭ የሸፈነበትን ቦታ ሁሉ ያወጣል፣ ከተለያዩ ቅጂዎች ጤናማውን ክፍል መርጦም ያዋህዳል። በዚህ መንገድ አብዛኞቹ ዳኑ። ያልዳኑት ኤልፒ በሚባለው ረጅም ሁነታ የተቀረጹት ናቸው፦ ኤስፒ በሚባለው ተራ ሁነታ 10 ማይክሮን የነበረው የትራክ ስፋት በኤልፒ ወደ 6.7 ስለሚጠብ፣ ከቀረጸው ካሜራ ውጪ ሌላው በቀላሉ አይከተለውም። የአርቲስቷ የራሳቸው ካሜራ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበረ፤ ቀበቶዎቹና ጥርሶቹ ተጠግነው ኤልፒዎቹ የተነበቡት በእሱ ነው። የድሮ ካሜራ አይጣልም።

ድምፅ ላይ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሚኒዲቪ በ16 ቢት ሁለት ቻናል ወይም በ12 ቢት አራት ቻናል ይቀርጻል። በ12 ቢት የተቀረጸ ቴፕ ሁለተኛ ጥንድ ድምፅ ሊኖረው ይችላል፣ ተራ ማጫወቻ ግን የመጀመሪያውን ጥንድ ብቻ ያሰማል። ሁለት ቴፖች ላይ አርቲስቷ በኋላ የጨመሩት ትረካ ሁለተኛው ጥንድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ፋይሉ ሳይለወጥ እንደነበረ ስለተያዘ ወጣ፤ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ የለም።

ቀኖቹ

ለብቻው መጻፍ ያለበት ነው፣ ከቴክኒኩ የበለጠ ያደክማል። የቴፕ ላይ ጽሑፍ «ጥር 95» ይላል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እ.ኤ.አ. ጥር 2003 ገደማ ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ 1995። ሚኒዲቪ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1995 ስለሆነ በዚያ ዓመት ጥር ወር ላይ ሊቀረጽበት አይችልም፤ ቴፑ ውስጥ የተጻፈው ቀንም 2003 አለ። ግን የውስጡም ቀን ሁልጊዜ አይታመንም፦ የካሜራው ትንሿ የሰዓት ባትሪ ስትሞት ሁሉም ቴፕ በፋብሪካው መነሻ ቀን ይመዘገባል።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። ካሜራው በዋሽንግተን ሰዓት ተሞልቶ አዲስ አበባ ሲቀርጽ፣ በአሜሪካ የብርድ ወራት 8 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት 7 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በብርዱ ወራት ደብተሩ «ከቀኑ 8 ሰዓት» የሚለው ትርዒት ቴፑ ላይ 06:00 ሆኖ ይታያል፣ ትክክለኛው 14:00 ነው። የካታሎግ ሠንጠረዡ አራት የተለያዩ ዓምዶች አሉት፦ መለያው ላይ የተጻፈው እንዳለ፣ ቴፑ ውስጥ ያለው እንዳለ፣ የተረጋገጠው ቀን በኢትዮጵያ፣ የተረጋገጠው በጎርጎርዮስ። የተጻፈውን አርሞ አንድ ዓምድ ውስጥ ማስገባት የሚፈትን ነገር ነው። ግን በኋላ ሌላ ሰው ውሳኔውን መፈተሽ እንዲችል ሁለቱም ጥሬ ንባቦች መቆየት አለባቸው።

ታኅሣሥ፦ ሃይ8 እና ቪኤችኤስ

እነዚህ አናሎግ ናቸው፣ ስለዚህ እውነተኛ ቅጂ ነው የሚሠራው። መስመሩ፦ ማጫወቻ፣ ኤስ-ቪዲዮ ገመድ፣ ታይም ቤዝ ኮሬክተር፣ የመቅጃ ካርድ። ኮሬክተሩ ካልተጨመረ የቴፑ ትንሽ የፍጥነት መዋዠቅ ምስሉን ከላይ ያጣምመዋል፣ ካርዱም ፍሬም ይጥላል፤ ያኔ ድምፁ ቀስ በቀስ ከአፍ ይለያል። ማስተሩ (ለዘለቄታው የሚቀመጠው ዋና ቅጂ) ኤፍኤፍቪ1 በሚባል ማመቂያ (ኮዴክ)፣ በ10 ቢት፣ ማትሮስካ በሚባል የፋይል ዓይነት ውስጥ። ምንም መረጃ ሳይጥል ያምቃል፣ በሰዓት እንደ ምስሉ ዓይነት ከ30 እስከ 45 ጊጋባይት።

ግማሾቹ እዚህ በሚሠራበት የቪዲዮ ስታንዳርድ ፓል፣ ግማሾቹ በአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ናቸው። ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ ማስተሩን በራሱ ስታንዳርድ ያወጣ እንደሆነ ይረጋገጥ፤ አንዳንዶቹ ኤንቲኤስሲውን ቀይረው ለፓል ቴሌቪዥን ያቀርባሉ፣ ያ ማስተር አይሆንም። ኤንቲኤስሲ ሆነው ምስሉ ብልጭ ድርግም የሚልባቸው ቴፖች ነበሩ። ብልሽት አይደለም፦ በሴኮንድ 60 መስክ (ግማሽ ፍሬም) የሚቀርጽ የአሜሪካ ካሜራ በ50 ኸርዝ የፍሎረሰንት መብራት ሥር ሲሠራ የሚሆነው ይኸው ነው። ቦታ ያልተጻፈባቸው ቴፖች አሜሪካ ውስጥ እንዳልተቀረጹ የለየነውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ማስተሩ ላይ ብልጭታውን ማጽዳት ክልክል ተባለ፤ ለማሳያ ቅጂው ይጸዳል።

ሻጋታ የያዙት ቪኤችኤሶች ተለይተው በፕላስቲክ ታሸጉ። ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር በቴፑ ጠርዝ ላይ ከታየ ማጫወቻ ውስጥ አይገባም፤ ዘሩ ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል። ደረቅ አየር ላይ ሻጋታው ሥራ ካቆመ በኋላ በጭምብልና በጓንት፣ ከሌሎቹ ክፍል ውጪ ይጠረጋል።

ጥር፦ ፊልሙና ደብተሩ

የ16 ሚሊሜትር ስካን ውጭ አገር ላብራቶሪ መላክ ነበረበት፤ ዋጋው በጫማ ይቆጠራል፣ ከመላኩ በፊት እጅ ላይ የሚሠራው ሁሉ ወጪ ይቀንሳል። በጠረጴዛ ላይ ሁለት መጠቅለያ፣ የጥጥ ጓንት፣ ከታች መብራት። ጠርዙን በጣቶች መሃል ቀስ አድርጎ በማሳለፍ የተቀደደ ቀዳዳ ይቆጠራል። የፊልም ቁራጮችን የሚያያይዙት የድሮ ስፕላይስ ቴፖች ሙጫቸው ፈሶ የሚቀጥለውን ዙር ስለሚያጣብቅ ይነሱና በአዲስ ይተካሉ። ፊልሙ ከ1 በመቶ በላይ ከተኮማተረ በጥርስ የሚጎትት ማሽን ይቀደዋል፤ ጥርስ የሌለው ስካነር መጠየቅ ያስፈልጋል።

100 ጫማ 4000 ፍሬም ነው፣ በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲሄድ 2 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ። 2ኬ በሚባለው የምስል ጥራት፣ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ፋይል ሲሆን 12 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ትንሽ ጥቅል ወደ 50 ጊጋባይት ይጠጋል።

ሲመለሱ የታየው ይህ ነው፦ አራቱ ትንንሽ ጥቅሎች እጅ ብቻ ያሳያሉ። ጥጥ የሚባዝቱ፣ የሚፈትሉ፣ መርፌ የሚያስገቡ እጆች፤ አርዕስት የለም፣ ፍጻሜ የለም። በዕቃ ዓይነት በተደረደረ ካታሎግ «ያልተጠናቀቀ አጭር ፊልም» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ነገር ግን ሣጥን 07 ውስጥ አብሯቸው ያለው ደብተር የክፍል ንድፍ አለው፦ አራት ፕሮጀክተር፣ አራት የተዘረጋ ጨርቅ፣ መሃል ላይ የቆመች ሴት። ፊልሙ ለፐርፎርማንሱ የተሠራ መብራት ነው ለማለት ይቀርባል። ጨርቆቹ ደግሞ በሌላው ሣጥን ውስጥ ያሉት፣ በአሳታፊው ፕሮጀክት ሴቶች የሰፏቸው ናቸው። ፊልም፣ ፐርፎርማንስና አሳታፊ ሥራ ተብለው በሦስት ርዕስ የሚከፈሉት አንድ ሥራ ናቸው። ካታሎጉ ከዚህ በኋላ የተዋቀረው በሥራ ነው፤ አንድ ዕቃም ለሁለት ሥራ ሊመዘገብ ይችላል።

ይህ የእሳቸው ብቻ አካሄድ አይደለም። ኢትዮጵያዊቷ ፊልም ሠሪ ሳሌም መኩሪያም ከዘጋቢ ፊልም ተነስተው ወደ ባለ ሦስት ስክሪን ቪዲዮ ኢንስታሌሽን (በማሳያ ክፍል ውስጥ የሚዘረጋ ሥራ) ሄደዋል። በግሏ የምትሠራ አርቲስት በጀት ስታጣ ያላትን ምስል በሌላ ቅርጽ መልሳ ትጠቀምበታለች፤ ቅርጾቹን የሚለያየው የኋላ ታሪክ ጸሐፊ ነው።

የካቲት፦ ፐርፎርማንሱ እንዴት ይመዘገባል

ቴፑ የፐርፎርማንሱ ምስክር ነው፣ ፐርፎርማንሱን አይተካም። ለዚህ ጥሩ መማሪያ የጃፓናዊቷ አርቲስት የዮኮ ኦኖ ልብስ የማስቆረጥ ሥራ ነው፦ ተመልካቹ ወደ መድረክ ወጥቶ በመቀስ የአርቲስቷን ልብስ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1964 ኪዮቶ፣ በ1965 ኒው ዮርክ ካርኔጊ ሪሲታል ሆል፣ በ2003 ፓሪስ ተሠርቷል። ብዙ ሰው የሚያውቀው አልበርትና ዴቪድ ሜይስልስ የቀረጹትን የኒው ዮርኩን ነው፣ እሱም ከብዙ ክንውኖች አንዱ ብቻ ነው። ሥራው ያለው በመመሪያው ውስጥ ሲሆን መመሪያው ሌላ ሰውም ሊሠራው እንደሚችል ይፈቅዳል።

በዚህ መሠረት ሁለት ዓይነት መዝገብ ተከፈተ። አንደኛው «መመሪያ»፦ ምን ይደረጋል፣ ማን ሊያደርገው ይችላል፣ ምን ያስፈልጋል፣ መቼ ያልቃል። ሁለተኛው «ክንውን»፦ ቀን፣ ቦታ፣ የተሳተፉ፣ የቀረጸ፣ የካሜራው አቋቋም፣ ርዝመት፣ የተረፈ ዕቃ። ለአንድ መመሪያ ብዙ ክንውን ይያያዛል።

ክንውኑን ለመሙላት ቴፑን እያጫወቱ አርቲስቷን መጠየቅ የሚሻለውን ያህል ሌላ መንገድ የለም። ድምፅ መቅጃ ይበራል፣ የቪዲዮው የጊዜ ቁጥር በየጊዜው ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ በኋላ ንግግሩ ከምስሉ ጋር የሚገጥመው በዚህ ነው። «ይሄ ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያወጣም። የሚያወጡት ተራዎቹ ናቸው፦ ተመልካቹ የት ቆሞ ነበር? ከካሜራው ውጪ ምን ነበረ? ማን አቋረጠ? ጨርቁን ማን ገዛ? ከእነዚህ አንዱ ሲጠየቅ፣ ምስሉ ውስጥ የማይታዩ አንዲት እናት ከበስተጀርባ ሙሉውን ጊዜ ሲፈትሉ እንደነበር፣ ቴፑ ላይ ያለው የማያቋርጥ ድምፅም የእንዝርቱ እንደሆነ ታወቀ። ያን ድምፅ የማሳያ ቅጂው ላይ እንደ ጫጫታ ለማጽዳት ፋይሉ ተሰናድቶ ነበር፤ ተሰረዘ።

በሦስት ካሜራ አንድ ላይ የተቀረጸውን ለማገጣጠም የካሜራዎቹ ሰዓት እስከ ሴኮንድ ብቻ ያደርሳል፤ የቀረውን አንድ ጭብጨባ ወይም የወደቀ ዕቃ ድምፅ ይጨርሳል። ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም መለካት አለበት፤ የካሜራ ሰዓቶች እኩል አይሄዱም።

መጋቢት፦ ጨርቆቹ፣ ወረቀቶቹ፣ ፈቃዱ

ጨርቆቹ ላይ የተተዉ ስፒሎች መጀመሪያ ወጡ፣ ዝገታቸው ጥጡን ይበላል። እያንዳንዱ ጨርቅ ሁለቴ ፎቶ ይነሳል፦ በእኩል ብርሃን ለቀለሙ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ለስፌቱ። ግራጫ ካርድና ማስመሪያ ከጎኑ። ጀርባውም ይነሳል፤ ቋጠሮውና የተመለሰው ክር ማን እንዴት እንደሰፋ ያሳያል፣ አንዳንዱ ስም ያለውም በጀርባ ነው። ብል ላለበት ጨርቅ አየሩ ወጥቶ በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በቀዘቀዘ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይመከራል። መብራት ከጠፋ ግን ቆጠራው ከመጀመሪያ ይጀመራል፤ በከፊል የሞቀ ፍሪዘር እንቁላሉን አይገድልም። ከዚያ ሳይታጠፍ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ተሸፍኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቀለላል።

ከቴክኒኩ ሁሉ የከበደው የሰዎቹ ጉዳይ ነው። ብጣሽ ወረቀቶቹ ላይ ሴቶች የጻፉት ስለ ትዳር፣ ስለ ስደት፣ ስለ ዕዳ ነው። ያኔ የፈረሙት ለአንድ ትርዒት ነው፣ ለኢንተርኔት አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ስም፣ ምስልና ድምፅ ይዞ ለሌላ ማሳየት ሕጋዊ መሠረት ይፈልጋል። የቅጂ መብትም አለ፦ በአዋጅ 410/1996 መሠረት ጨርቁን የሰፋችው ሴት በሥራው ላይ መብት ሊኖራት ይችላል፣ ሁሉም የአርቲስቷ ነው ብሎ መነሳት አይቻልም። አዋጁ ባይኖርም እንኳ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ያልነገረችውን እኛ ለዓለም የምናሳይበት ምክንያት የለም።

ሦስት ደረጃ ተሰጠ፦ ክፍት፣ በቦታው ብቻ የሚታይ፣ ዝግ። ፈቃድ እስኪገኝ ሁሉም ወረቀት ዝግ ነው። ስምምነቱ በቃል ተነብቦ በድምፅ ይቀረጻል፣ ማንበብ ለማይችሉት ፊርማ ከማስደረግ ይህ ይሻላል፤ ሐሳባቸውን ቢለውጡ የሚደውሉበት ቁጥር በወረቀት ይሰጣቸዋል።

ሚያዝያ፦ ፍሎፒዎችና ፊደል

የፊልም ጽሑፎቹና የትርጉም መስመሮቹ ፍሎፒ ላይ ናቸው። ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፦ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ ይጭኑ ነበር። መጀመሪያ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ከወርድ ፋይሉ ይነበባል፣ ከዚያ ለዚያ ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ይሄዳል። የተቀየረው ሁሉ በታተመው ወረቀት ይመሳከራል፤ አንዳንድ ፎንት አንድን ፊደል በሁለት ቁጥር ስለሚጽፍ ዲቃላ ፊደላት፣ እነ ሟ፣ ቷ፣ ኳ፣ ይበላሻሉ። ዋናው ፋይልም ሳይነካ ይቀመጣል።

ካታሎጉ ውስጥ ፍለጋ እንዲሠራ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ የተዋሐዱበት የተደበቀ ዓምድ ተጨመረ። አለበለዚያ «ሠዓሊ» ብሎ የፈለገ «ሰአሊ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም። የፋይል ስሞች ግን ቁጥር ብቻ ናቸው፤ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በአሮጌ የዚፕ ፕሮግራም ሲያልፍ ስሙ ይጠፋል።

ግንቦት፦ ማከማቻና ቀሪ ሥራ

ሚኒዲቪው 530 ጊጋባይት ገደማ፣ አናሎጉ ወደ 1 ቴራባይት፣ ፊልሙ 400 ጊጋባይት፤ ከፎቶውና ከድምፁ ጋር ከ2 ቴራባይት ትንሽ ያልፋል። ሦስት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ተገዛ፦ ሁለቱ አዲስ አበባ በተለያየ ሰፈር፣ አንዱ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ዘመዳቸው ዘንድ። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የተሠሩ ዲስኮች በተቀራረበ ጊዜ ሊሞቱ ስለሚችሉ ብራንዳቸው ይለያያል። ለእያንዳንዱ ፋይል ሻ-256 ቼክሰም (ፋይሉ ቢለወጥ የሚለወጥ መለያ ቁጥር) ተሠርቶ ባግኢት በሚባል ለማከማቻ የተዘጋጀ አቃፊ ውስጥ አብሮ ይቀመጣል፤ በስድስት ወር አንዴ ዲስኩ ተሰክቶ ሁሉም እንደገና ይሰላል። ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ዝም ብሎ ስለተኛ አይጠበቅም።

ከበጀቱ ብዙውን የወሰዱት ፊልም ስካኑ፣ ታይም ቤዝ ኮሬክተሩና ዲስኮቹ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ከሁሉም ርካሽ ሆኖ ከሁሉም በላይ አዳነ። በቀረጻ መሃል መብራት ሲቋረጥ ፋይሉ ብቻ ሳይሆን ማጫወቻው ውስጥ የተጠመደው ቴፕም ይበጠሳል።

ቀሪው፦ ሻጋታ የያዙት ሦስት ቪኤችኤስ፤ የ17ቱ ካሴት ድምፅ፣ በተለይ ከፊልሙ ጋር የሚሄዱት አራቱ፣ ፍጥነታቸው በእጅ መገጠም ስላለበት፤ የስፌት ቡድኑ አባላት ፈቃድ፣ ከመካከላቸው ወደ ቤይሩትና ሪያድ የሄዱ ስላሉ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እየተፈለጉ ነው፤ ደግሞም አራቱን ጥቅሎች በአራቱ ጨርቆች ላይ አንድ ጊዜ አብርቶ በደብተሩ ንድፍ ላይ ያለው ርቀት፣ 3 ሜትር ከ20፣ ትክክል መሆኑን መለካት። ፕሮጀክተሮቹ በውሰት ይገኛሉ፣ ጨርቆቹ ግን ዋናዎቹ አይሰቀሉም፤ በተመሳሳይ ፈትል ምትክ እየተሸመነ ነው።